ሃሌ ሉያ ያልተባለበት እሁድ

ዛሬ የማጫውታችሁ ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ሰፈር ውስጥ ስላሳለፍኩት አንድ እሁድ ነው። ቀኑ ማርች 9 ቀን 2025፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።

ለዓይኔ ሕክምና ሪፈራል ተጽፎልኝ፣ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ይዤ ከካኩማ ወጣሁ። ያረፍኩት የአክስቴ ልጅ ዘንድ ነው፤ ላቪንግተን ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ሰፈሩ የሀብታም ነው። ዛፉ ጥላ፣ ግቢው ሁሉ ዘበኛ ያለው። የጊታንጋን መንገድ ይዞ ትንሽ ለተጓዘ ግን ካዋንግዋሬ ነው፤ እዚያ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ተደግፎ ታያላችሁ።

እሁድ ጠዋት ኢስሊ ወዳለው የሀበሻ ቸርች ልንሄድ አስበን ነበር፤ የማታቱ ሒሳብ ግን ለሁለታችን አልበቃም። «እዚሁ የአንግሊካን ቸርች አለ፤ ያው ጌታን ነው የሚያመልኩት፣ ና!» አለችኝ። እኔ ጌታን የተቀበልኩት በሙሉ ወንጌል ነው። ፕሮቴስታንት ሁሉ አንድ ነው ሲባል ብሰማም፣ እንደነሱ ያለ አምልኮ አይቼ አላውቅም ነበር። ቅር እያለኝ ተከተልኳት።

ገብተን ተቀመጥን። ጠረጴዛው ሐምራዊ ጨርቅ ለብሷል፤ አበባ የለም። ለካ የጾማቸው የመጀመሪያው እሁድ ኖሯል። ሌንት ይሉታል፤ እሁዶቹ ሳይቆጠሩ እስከ ፋሲካ 40 ቀን ነው። ዝማሬው ቀዝቀዝ ያለ ነው። ቆይቼ አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ ሃሌ ሉያ የሚል ሰው የለም! እኛ ዘንድ ማስታወቂያ እንኳ ያለ ሃሌ ሉያ አይነገርም። አጠገቤ ያሉትን ሽማግሌ በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው። «እስከ ትንሣኤ አስቀምጠነዋል፤ ያን ቀን ስንለው ይጣፍጠናል» አሉኝ።

እንዴ! ሃሌ ሉያ ይቀመጣል እንዴ?

ወዲያው እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ ኦርቶዶክስ ነበረች። ሁዳዴ ሲገባ በቤተ ክርስቲያናቸው ከበሮውና ጸናጽሉ ዝም ይላሉ። ልጅ ሳለሁ ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ልጄ፣ ሐዘን ያለበት ቤት ከበሮ ይመታል?» ብላኝ ነበር። እሷ 55ቱን ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ሳትቀምስ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል በአፏ ሳይገባ ትውላለች። የቁርሷን ድርሻ ለጎረቤታችን ለአንዲት ማየት ለተሳናቸው ባልቴት ትልክ ነበር። አድራሹ እኔ ነበርኩ።

ጌታን ስቀበል ግን አፌ ተሳለ። እኛም እንጾማለን፤ የአዋጅ ጾም ግን አልነበረንም። «በጸጋ ድነናል፤ ይሄ የሥጋ ሥራ ነው» እያልኩ አከራክራት ነበር። አንድ ቀን፣ ያውም በስቅለት፣ እንቁላል ጠብሼ ፊቷ በላሁ። ነጻነቴን ማሳየቴ ነበር። እሷ አልተቆጣችም። መጥበሻውን አንስታ አጠበችው፤ ከዚያ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ስግደቷ ሄደች። ካምፕ እያለሁ ማረፏን በስልክ ሰማሁ። ይቅር በይኝ ሳልላት ነው የሄደችው።

የዕለቱ ንባብ ሉቃስ ምዕራፍ 4 ነበር። ጌታ በምድረ በዳ ተርቦ ሳለ ሰይጣን ድንጋዩን ወደ እንጀራ እንዲለውጥ የፈተነበት ታሪክ ነው። እኔ ያሰብኩት የኛን ምድረ በዳ ነው። በዚያው ሰሞን ራሽን ተቀንሶ ካኩማ ውስጥ ሰው ሁሉ ተጨንቆ ነበር። የሌለው ሰው ምኑን ይጾማል? ስል በልቤ ተሟገትኩ። ሰባኪው ይህንን የሰሙ ይመስል፣ ከአፍህ የቀነስከው ወደ ሌላ ሰው አፍ ካልደረሰ ጾም አልጾምክም፣ ተርበሃል እንጂ አሉ። ያቺ የእናቴ ሳህን ድቅን አለችብኝ። ተንበርክከን ኃጢአታችንን ስንናዘዝ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። የአክስቴ ልጅ ዓይኔን ያመመኝ መስሏት መሐረቧን ሰጠችኝ።

በዚያ ሰሞን ሙስሊም ወንድሞቻችንም ረመዳን ላይ ነበሩ። ፋሲካም በ2025 ለምዕራባውያኑም ለኦርቶዶክሱም በአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዋለ። አስቡት፣ እኛ እርስ በርስ በማንጠጣጣበት ሰፈር ሁሉም በአንድ ወር ጾሟል።

ካምፕ ተመለስኩ። ሃይማኖቴን አልለወጥኩም፤ ዛሬም ሃሌ ሉያ ባይ ነኝ። በስቅለት ቀን ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልቀምስ ዋልኩ። ጎረቤቴ እትዬ ከስግደት ሲመለሱ ምድጃዬ አለመጨሱን አይተው፣ «ምነው ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?» አሉኝ። «አይ እትዬ፣ ዛሬ ጾመኛ ነኝ» ስላቸው ቆመው ቀሩ። ከዚያ ትንሽ ንፍሮ ይዘውልኝ መጡ። በግማሽ ቀን ራሽኔ የቀቀልኩትን ባቄላ ደግሞ ማገዶ ለምታመጣልን የቱርካና እናት ሰጠኋት። ሳህኑን ሳቀብላት እጄ ያንን የድሮ መልእክቱን ያወቀው መሰለኝ።

እናንተም በሕይወት ያለች እናት ካላችሁ፣ ስልክ ደውሉ። ሰላም ሁኑ።