ጋሪው ለማን ነበር?

ኦርላንዶ ልንሄድ ሦስት ቀን ሲቀረን እኔና ባለቤቴ በልጅ ጋሪ ተጣላን። ባልና ሚስት የሚጣሉበት ነገር መቼም አይጠፋም፤ የቤት ኪራይ አለ፣ የሥራ ሰዓት አለ፣ የማን ዘመድ ሠርግ ላይ ቀረን የሚለው አለ። ያን ሳምንት ግን ሁሉም ተረስቶ ወሬያችን ስትሮለር ብቻ ሆነ።

ጊዜው 2023፣ ሐምሌ ነው። ልጃችን አራት ዓመቷ ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ወር ሆኗታል። ዲዝኒ ወርልድን እናሳያቸው ብለን በመኪና ልንሄድ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ኦርላንዶ ዕረፍቱ ሳይቆጠር 13 ሰዓት ገደማ ያስነዳል። መኪናችን ትንሽ ናት። ሦስት ሻንጣ አለ፣ ባለቤቴ ያለሱ መንገድ የማይወጣው የበረዶ ሳጥን አለ፣ እማዬ «መንገድ ላይ ምን ይበላል?» ብላ ያዘጋጀችው ድፎ ዳቦና ቆሎ አለ። የልጃችን የድሮ ጋሪ ትልቅ ነው። እሱ ከገባ አንድ ሻንጣ ይወጣል።

«እዚያው እንከራይ» አለ ባለቤቴ።

«ይዘን እንሂድ» አልኩ እኔ።

እንደ ልማዴ ስልኬን ይዤ ሒሳብ ውስጥ ገባሁ። በዚያን ጊዜ ፓርኩ በር ላይ የአንድ ልጅ ጋሪ በቀን 15 ዶላር፣ የሁለት ልጅ 31 ዶላር ነበር። የሚከራየው ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ነበር፤ ወደ ኋላ ስለማይዘረጋ ልጅ በደንብ አይተኛበትም ነበር። በዚያው ቀን ወደ ሌላኛው ፓርክ ከተሻገራችሁ ደረሰኙን አሳይታችሁ እዚያ ሌላ ትወስዳላችሁ። ከበሩ ውጪ ግን ይዛችሁ መውጣት አትችሉም። የራሳችሁን ካመጣችሁ ደግሞ ልክ አለው፤ ከ2019 ጀምሮ ከ79 ሴንቲሜትር በላይ የሚሰፋ ወይም ከ132 ሴንቲሜትር በላይ የሚረዝም አይገባም፤ እንደ ዕቃ ጋሪ የሚጎተተውም ተከልክሏል። ሦስተኛ ምርጫም አለ፦ ሆቴል ድረስ አምጥተው የሚያከራዩ የውጪ ድርጅቶች። የነሱን ጋሪ እንደራሳችሁ መኪና ድረስ ትገፉታላችሁ።

ይህን ሁሉ አነበብኩ። «ከበሩ ውጪ ይዛችሁ መውጣት አትችሉም» የምትለዋንም አነበብኳት። አንብቤ አለፍኳት።

እማዬ ሶፋው ላይ ሆና ስትሰማን ቆይታ፣ «የአራት ዓመት ልጅ በጋሪ?» አለች። «እኔ አንቺን በአንቀልባ አዝዬ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ስወጣ ማን ጋሪ ሰጠኝ?»

ይቺን ዓረፍተ ነገር እኔና ወንድሞቼ በቃላችን እናውቃታለን። ዳገቱ ግን እውነተኛ ዳገት ነው፤ የወጣበት ሰው ያውቀዋል።

«ደግሞ ኪራይ! የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብላ ጨመረች። ባለቤቴ እየሳቀ፣ «እማማ፣ እኮ በቀን 15 ዶላር ብቻ ነው» አላት። በልቧ ወደ ብር ስትመነዝረው ከፊቷ ላይ አየሁት፤ በጊዜው ከ800 ብር ይበልጣል። ዝም አለች።

በመጨረሻ ባለቤቴ አሸነፈ። የድሮው ጋሪ ቤት ቀረ።

የመጀመሪያው ቀን ማጂክ ኪንግደም ነበርን። እዚያ መኪና ካቆማችሁ በኋላ በቀጥታ አትገቡም። መጀመሪያ በትራም ወይም በእግር ወደ መሳፈሪያው፣ ከዚያ በጀልባ ሐይቁን ተሻግራችሁ ወይም በሞኖሬል ዞራችሁ ነው በሩ ጋ የምትደርሱት። ጠዋት ስለነበረ ማንም አልደከመውም። በሩ ላይ ጋሪውን ተከራየን፣ ልጃችን ተቀመጠች፣ እማዬም መግፊያውን ያዘች።

«እኔ ልግፋት» አለች።

«ተይ እማዬ፣ እሱ ይግፋ።»

«ምን አስጨነቀሽ? የልጅ ልጄን ነው።»

ቀኑን ሙሉ አለቀቀችውም። ልጅቷ «በእግሬ ልሂድ» ስትል እማዬ «ቁጭ በይ የኔ እናት፣ ይደክምሻል» ትላታለች። ልጅቷ ከወረደችም ባዶውን ትገፋለች። ሰልፍ ስንገባ ጋሪው ውጪ ስለሚቆም፣ «እናንተ ግቡ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ፤ የሰው ዕቃ ነው» ብላ አጠገቡ ጥላ ፈልጋ ትቀመጣለች። እኔም ለባለቤቴ «አየህ፣ ኪራይ ብላ ስትሰድብ የነበረችው ናት» እያልኩ እስቃለሁ። ፎቶም አነሳኋት። አሁን ያን ፎቶ ሳየው ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። ሁለት እጇ መግፊያው ላይ፣ ትከሻዋ ወደ ፊት፣ ክብደቷ በሙሉ እሱ ላይ ነው።

ማታ ርችቱ አለቀና ሕዝቡ በሙሉ ባንዴ ወደ በሩ ተነሣ። ጋሪውን መለስን። ልጃችን ተኝታ ስለነበር ባለቤቴ ትከሻው ላይ አደረጋት። ስልኬ 18 ሺህ ርምጃ አልፈሻል ይላል። ጀልባ ለመሳፈር ከሚጠብቀው ሰው መሐል ሆነን ዞር ስል እማዬ የለችም።

ከኋላችን የብረት አጥሩን ይዛ ቆማለች።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ትንሽ ልቁም።»

«አመመሽ?»

«ጉልበቴ ነው። ቀን እኮ ደህና ነበርኩ፤ ያ ጋሪ ደግፎኝ ነው መሰለኝ።»

እንዲህ ነው ያለችው፣ እንደ ቀላል ነገር። ሁለት ወር አንድ ቤት አብረን ኖረን ጉልበቷ እዚህ መድረሱን አላወቅሁም ነበር። ቤት ውስጥ ከሶፋ ወደ ኩሽና ነው የምትሄደው፤ ውጪ በመኪና ነው የማመላልሳት። የልጅቷን እግር ሳሰላ ሰንብቼ የእሷን እግር አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም።

ሆቴል ስንደርስ፣ «ነገ ዊልቸር እንከራይልሽ፤ እዚያው በሩ ላይ አለ» አልኳት።

«በሽተኛ ነኝ እንዴ?»

«ደላስ ኤርፖርት ስቀበልሽ በዊልቸር አይደለም እንዴ የወጣሽው?»

«እሱ ሌላ ነው» አለች። «እሱ ለቋንቋ ነው።»

ሳቅሁ። እውነቷን ነው፤ ከኢትዮጵያ የሚመጡ እናቶችን ኤርፖርት ሄዶ የተቀበለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዊልቸር የምናስይዝላቸው ብዙ ጊዜ መሄድ አቅቷቸው አይደለም፤ ቋንቋው እንዳያስቸግራቸውና የሚመራቸው ሰው እንዲያገኙ ነው። ስለዚህ እዚያ መቀመጥ አያሳፍርም። የልጅ ልጇ ፊት፣ በሰው መሐል መገፋት ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ በላይ አልጨቀጨቅኋትም።

በዚያው ሌሊት እኔና ባለቤቴ ሱቅ ሄደን ጋሪ ገዛን። እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈው ርካሽ ነበር፤ ግን መግፊያውን ስደገፈው ወደ ኋላ ሊገለበጥ አለ። የሚሸከም ልጅ ያለው ሰው ይህን ልብ ይበል፤ ቦርሳም መግፊያው ላይ ሲያንጠለጥሉበት ልጁ ሲነሣ ይገለበጣል። ከበድ ያለውን፣ መግፊያው አንድ ወጥ የሆነውንና ፍሬን ያለውን መረጥን። 70 ዶላር። የሦስት ቀን ኪራይ 45 ዶላር ነበር። ባለቤቴ ሒሳቡን ያውቃል፣ አንድም ቃል አልተናገረም። ውኃውን በሙሉ ከታች ቅርጫቱ ውስጥ ደረደረው፣ ክብደት እንዲሆነው። ጋሪ የምርኩዝ ምትክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሐኪምም አይመክረውም። እማዬ የተቀበለችው ድጋፍ ግን እሱ ብቻ ነበር።

«ለልጅቷ ነው» አልናት። «ጥሩ አደረጋችሁ» አለች። ሁላችንም ዋሸን።

ሁለተኛው ቀን ጠዋት ከመኪናው በር ጀምራ ያዘችው። መግፊያው ላይ የነጠላዋን ጥለት ቁራጭ አሰረችበት። ጋሪ የሚቆምበት ቦታ ሠራተኞቹ ሰልፉን ሲያስተካክሉ ስለሚያንቀሳቅሱት፣ ከመቶ ተመሳሳይ ጋሪ መሐል ቶሎ የሚለይ ምልክት ያስፈልጋል። ልጃችን ግማሹን መንገድ በእግሯ ሄደች፣ ማንም ቁጭ በይ አላላትም። ስንመለስ የበረዶ ሳጥኑ ለሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ ተሰጥቶ ጋሪው በቦታው ተጫነ።

ጓደኞቼ አሁን «ይዘን እንሂድ ወይስ እንከራይ?» ብለው ሲጠይቁኝ ስለ ዋጋ አልጀምርም። ከበሩ እስከ መኪናችሁ ያለውን መንገድ ቁጠሩ እላቸዋለሁ፤ የኪራዩ ጋሪ የሚያልቀው ድካሙ በሚጀምርበት ቦታ ነው። ቀጥሎ፣ ማታ ላይ ከመሐላችሁ ማን እንደሚደክመው አስቡ። ልጅ ሲደክመው ያለቅሳል። ትልቅ ሰው አጥር ይዞ ይቆማል።

መስከረም ላይ እማዬን ልሸኛት ደላስ ሄድን። ዊልቸሩ መጣ። ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ልሰናበታት ጎንበስ ስል ጆሮዬ ላይ፣ «ዛሬስ ለቋንቋ አይደለም» አለችኝ።

አገር ቤት ስትገባ ሐኪም ቤት እንድትሄድ አስማልኳት።