ፉጨት

በ1992 ዓ.ም. ፒያሳ፣ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ውስጥ፣ እኔና ጓደኛዬ ሞኒተር እናስፏጭ ነበር። አዎ፣ ሞኒተር! ያን ድስት የሚያህል 14 ኢንቹን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊኑክስ የሚባል ጉድ ከሲዲ ጫንን። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ብቻ። ቀለምና መስኮት ከፈለግን የሞኒተሩን አቅም አንድ ፋይል ውስጥ በእጃችን መጻፍ አለብን፦ አግድም መስመሮቹን በምን ፍጥነት ይስላል? ከስንት እስከ ስንት ኪሎኸርዝ? መልሱ ከሞኒተሩ ጋር በመጣችው መመሪያ ላይ ነበር። መመሪያዋን ደግሞ ዘበኛው ቆሎ ጠቅልለውባታል።

ገመትን እንግዲህ። መነሻው አያከራክርም፤ 640 በ480 በሰከንድ 60 ጊዜ ስትሳል 31.5 ይበቃታል። ጭንቁ ጣሪያው ላይ ነው። 1024 በ768 በዚያው 60 ላይ 48 ገደማ ትፈልጋለች። ጓደኛዬ ግን መቼ ስስት ያውቅና! 70 ብሎ ጻፈ፤ «ስታርትኤክስ»፣ ኢንተር!

ፊ—ው!

ምስሉ በሰያፍ ተተረተረ። ያለ አቅሙ የተነዳ ሞኒተር ሊቃጠል እንደሚችል አንብበናል፤ እሱ ኮንትሮል፣ አልትና ባክስፔስን ባንዴ ሲደፈጥጥ እኔ ሶኬቱን ነቀልኩ። ባለቤቱ ከወዲያኛው ክፍል «ምንድን ነው እሱ?» አሉ።

«ምንም አይደል ጋሼ፣ መብራት ነው!» (መብራት ስንቱን ሸፍኖልናል።)

በ48 ሞከርን። ጸጥ አለ። ከዚያ ግራጫ ነጠብጣብ የሞላበት ሜዳ መጣ፤ መሐሉ ላይ ኤክስ የመሰለች ጠቋሚ። ሌላ ምንም የለም! ግን ተቃቅፈን ዘለልን። ኔትወርኩን በነጋታው ቀጠልን፤ «አይኤፍኮንፊግ»፣ 192.168.0.2፣ ከዚያ ፒንግ። ዝም። ለካ የገመዱ ጫፍ ላይ የምትሰካዋን ባለ 50 ኦም መዝጊያ አንዱ ነቅሏታል፤ እሷ ከሌለች ኔትወርኩ በሙሉ ድዳ ነው።

ዛሬ ልጄ ገመድ ትሰካለች፣ አለቀ። ስክሪኑ ራሱ አቅሙን ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ኪሎኸርዝ ብላት የመብራት ቆጣሪ ይመስላታል።

ባለፈው ወር ግን ምን ገጠመኝ? አንድ አዳራሽ፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ትልቅ ስክሪን፣ ሪሞቱ የጠፋ። ወጣቶቹ መሰላል ፍለጋ ሲራወጡ እኔ ላፕቶፔን ከኔትወርኩ አገናኝቼ የስክሪኑን አድራሻ በፖርት 4352 አንኳኳሁ። «ፒጄሊንክ 0» ብሎ ተቀበለኝ፤ የይለፍ ቃል አልጠይቅም፣ ግባ ማለቱ ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ! «%1ፒኦደብልዩአር 1» ብዬ ጻፍኩ፤ ተነሥ ማለት ነው። «ኦኬ» አለኝና በራ። ቸኩዬ ምስል እንዲቀበል ሳዘው «ኢአርአር3» ሲል መለሰ፤ ቆይ፣ ገና ነኝ። እንደ አዛውንት! ትንሽ ታግሼ መግቢያውን ሰጠሁት፦ 31። ከዚያች 31.5 ጋር ዝምድና የላትም፤ እኔ ግን ዘመድ ያገኘሁ ያህል ሳቅሁ።

አንዲት ቃል ሳትጎድል ለጓደኛዬ ደውዬ ተረክሁለት። እስክጨርስ ዝም ብሎ ሰማኝና፣

«አፏጨ?» አለኝ።