ኩሬጌም፦ የቄራው ሰፈርና የሦስት ዓመቱ ቢራ

ስለ ቤልጂየም ቢራ የሚጠይቅ እንግዳ ብራሰልስ ሲደርስ ሁሉም ወደ ታላቁ አደባባይ ነው የሚመራው። የዚያን አካባቢ ነገር ለሌሎች ትቼዋለሁ። የሚሸናው ልጅ ሐውልት፣ ቸኮሌቱ፣ የድንች ጥብሱ፣ በ2004 በ2,004 ዓይነት ቢራ በጊነስ መዝገብ የሰፈረው ዴሊሪየም ካፌ፣ ሁሉም በበቂ ተወርቶላቸዋል (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። እኔ የማወራው ተጓዡ ሻንጣውን እየጎተተ ስለሚሸሸው፣ ከሚዲ ባቡር ጣቢያ በስተምዕራብ ስላለው ሰፈር ነው።

ኩሬጌም የአንደርሌክት አንዱ ክፍል ነው። አንደርሌክትን ኳስ ወዳድ ሁሉ በሐምራዊ ማሊያው ያውቀዋል፤ ስታዲየሙ ግን ከዚህ ራቅ ይላል። የሰፈሩ ዋልታ ቄራው ነው። በ1890 ተከፈተ፤ በሩ ላይ ሁለት የነሐስ ኮርማዎች ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ወርዱም ርዝመቱም መቶ መቶ ሜትር የሆነ፣ በብረት ምሰሶ የተደገፈ አዳራሽ አለ። ከዓርብ እስከ እሑድ እዚህ የሚቆመው ገበያ ቲማቲሙን፣ ምንጣፉን፣ የበግ ጭንቅላቱን፣ የልጆች ጫማውን ሁሉ አንድ ላይ ያወጣል። ትንሽ አለፍ ሲሉ ሄይቫርት መንገድ ነው፤ በአንትወርፕ ወደብ በኩል ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚጫኑ አሮጌ መኪኖች የሚገበያዩበት። ጎዳናው ላይ አረብኛ፣ ፈረንሳይኛና ሮማኒያኛ ይቀላቀላሉ፤ አማርኛም አልፎ አልፎ ጆሮ ላይ ጣል ይላል። የቤቶቹ ግድግዳ የተላላጠ ነው፤ ጥግ ጥጉም ንጹሕ ነው ብዬ አልዋሽም። ግን ይህን የመሰለ ሕይወት ያለው ሰፈር ከተማው ውስጥ ሌላ አላውቅም።

ከገበያው ዳር ባለች አንዲት ጠባብ መጠጥ ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ አይጠፉም። ዕድሜያቸውን ቄራው ውስጥ ሥጋ ሲሸከሙ ኖረው ጡረታ የወጡ የሰፈሩ ተወላጅ ናቸው፤ ፈረንሳይኛውንና ፍላሚሹን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይደባልቁታል። አንድ ነገር ከጠየቋቸው ሦስት መልስ ይሰጣሉ፤ ሁለቱ ስለ ሌላ ነገር ነው። የቤልጂየም ሰው ለየቢራው የራሱ ብርጭቆ አለው፤ ለኦርቫል ዋንጫው፣ ለክዋክ በእንጨት መያዣ የሚቆመው ረጅሙ። እሳቸው ግን ጌጥ በሌለው ተራ ብርጭቆ የሚጠጣ አንድ ቢራ ብቻ ነው የሚያውቁት።

“ቱሪስቱ አደባባዩ ላይ ተቀምጦ ስኳር ይጠጣል” ይላሉ። “ቢራው ያለው እዚህ ነው። አየሩን የምንሰጠው እኛ ነን!”

አየር ያሉት ንግግር ለማሳመር አይደለም። ከቄራው ብዙም ሳይርቁ፣ ጌውድ መንገድ ቁጥር 56፣ ካንቲዮን የተባለው የቢራ ጠመቃ ቤት አለ። በ1900 የተመሠረተ የቤተሰብ ቤት ነው። ምልክቱን ያላየ ሰው ጋራዥ ነው ብሎ ያልፈዋል። እዚህ የሚጠመቀው ላምቢክ ሲሆን፣ ከሌላው ቢራ የሚለየው እርሾ የሚጨምርበት ሰው ስለሌለ ነው። ሁለት ሦስተኛው ያህል የገብስ ብቅል፣ ቀሪው ያልበቀለ ስንዴ ነው። ለቢራው እንደ ጌሾ የሚሆነው ሆፕ ሆን ተብሎ ዓመታት እንዲያረጅ ይደረጋል። ጠላ ጠማቂ ጌሾውን የምትፈልገው ለምሬቱ ጭምር ነው፤ የላምቢክ ጠማቂዎቹ ግን ምሬቱ እንዲጠፋና መጠበቂያነቱ ብቻ እንዲቀር ይፈልጋሉ። ለረጅም ሰዓት የፈላው የብቅሉና የስንዴው ጭማቂ ማታ ጣሪያው ሥር ወዳለው፣ ሰፊና ጥልቀት ወደሌለው የመዳብ ገንዳ ይወጣል። እዚያም መስኮቱ ተከፍቶ ያድራል። በሌሊቱ ቅዝቃዜ ሲበርድ በአየሩና በቤቱ ውስጥ ያለው የዱር እርሾ ይገባበታል። ጠዋት ወደ እንጨት በርሜል ይወርዳል፤ ከዚያ ሥራው የጊዜ ነው።

አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት። ጠማቂው ከየበርሜሉ እየቀመሰ የአንዱን፣ የሁለቱንና የሦስቱን ዓመት ላምቢክ ቀላቅሎ ጠርሙስ ውስጥ ያስገባዋል፤ ወጣቱ የያዘው ስኳር እንደገና ይፈላና አረፋ ይሠራል። ያ ጉዝ ይባላል። ቡሹ ሲነቀል እንደ ሻምፓኝ ይጮኻል። ከላምቢክ ጋር ቼሪ ለወራት ተዘፍዝፎ የሚወጣው ደግሞ ክሪክ ነው፤ ካንቲዮን ለአንድ ሊትር 200 ግራም ያህል ፍሬ ይጨምርበታል። የድሮው ክሪክ ቼሪ ስሙን ያገኘው ከስካርቤክ ነው፤ ያ የብራሰልስ ክፍል ድሮ የቼሪ ዛፍ የሞላበት ነበር፣ ዛሬ ሕንፃ ብቻ ነው።

በርሜሎቹ መካከል ሲሄዱ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ሸረሪት ድር ላይ ነው። አይጠረግም። ፍሬው ነፍሳትን ይጠራል፤ ነፍሳቱን ሸረሪቱ ይበላል፤ መርዝ መርጨት ደግሞ እርሾውንም መንካት ይሆናል። ሽማግሌው ይህን ሲያወሩ ጣታቸውን ያነሣሉ፦ “እዚያ ቤት መጥረጊያ ያነሣ ሰው በማግስቱ ሥራ የለውም።” ማጋነን ይወዳሉ። የቢራውን ጣዕም የሰጠው የዜን ወንዝ ሽታ ነው ሲሉም ሰምቻቸዋለሁ። ዜን ማለት ከ1867 እስከ 1871 መሃል ከተማው ላይ ተሸፍኖ መሬት ሥር የገባው፣ ኮሌራ ሲያመጣ የኖረው ወንዝ ነው። ሽታው ምን እንደሠራ እንጃ፤ ግን ከዋነኞቹ እርሾዎች የአንዱ ሳይንሳዊ ስም ብሬታኖማይሲስ ብሩክሴለንሲስ ነው፤ ከተማዋ ራሷ ስሙ ውስጥ አለች። ይህን ብነግራቸው በወንዙ ነገር አሸነፍኩ ብለው አንድ ዙር ያስቀዱ ነበር፤ ስለዚህ አልነገርኳቸውም።

ጣዕሙን በተመለከተ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ የአገራችን ሰው ፊቱን አጨማዶ “ተበላሽቷል እንዴ?” ይላል። ኮምጣጣ ነው፤ ደረቅ ነው፤ እንጨት እንጨት፣ ጎተራ ጎተራ የሚል ነገር አለው። ያልተቀላቀለው ላምቢክ ጭራሽ አረፋ የለውም፤ ከሸክላ ማንቆርቆሪያ ይቀዳል። የገዳማቱን ቢራ፣ ዌስትማሌንና ሮሽፎርን፣ አከብራለሁ፤ በጥንካሬያቸውና በጣፋጭነታቸው ለክረምት ማታ የሚሆኑ ናቸው። ግን እነሱን በየትኛውም ከተማ ገዝቶ መጠጣት ይቻላል። ጉዝን ሰፈሩ ውስጥ መጠጣት ሌላ ነው።

ይህ ሁሉ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ሰዉ ወደ ጣፋጭና ቀላል መጠጥ ሲዞር የብራሰልስ ላምቢክ ቤቶች ተራ በተራ ተዘጉ፤ ካንቲዮን ለረጅም ዘመን በከተማው ክልል ብቻውን ቀረ። በ1978 ቤቱ በሩን ለጎብኚ ከፍቶ የጉዝ ሙዚየም ሆነ፤ ማሽኑ ግን ሥራ አላቆመም። ዩኔስኮ የቤልጂየምን የቢራ ባህል በ2016 መዝግቦታል፤ ዛሬ ከጃፓንና ከአሜሪካ ጭምር ሰው ይመጣል። አንዳንዱን ጠርሙስ እዚያው ከፍቶ ለሚጠጣ ብቻ ነው የሚሸጡት፤ ነጋዴ ወስዶ በእጥፍ እንዳይቸበችበው። ልክ ናቸው። ሊያግዱት የማይችሉት ሙቀቱን ነው። ጠመቃው የሚካሄደው ሌሊቱ በሚቀዘቅዝባቸው ወራት ብቻ ነው፤ በ2015 ኅዳር ሌሊቱ አልበርድ ብሎ ጠመቃውን ለማቋረጥ ተገደው ነበር።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ብዙው ጎብኚ ከጣቢያው በታክሲ መጥቶ፣ ጠጥቶ፣ በታክሲ ይመለሳል። ቄራውን አያይም፤ ኮርማዎቹን አያይም፤ አየሩን የሰጠውን ሰፈር ጨርሶ አያውቀውም።

እናንተ በአዲስ አበባ በረራም ሆነ በባቡር ብራሰልስ ላይ ከወረዳችሁ ከሚዲ በእግራችሁ ሂዱ፤ ሩቅ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፣ ገበያው ቆሞ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ላምቢኩን፣ ቀጥሎ ጉዙን፣ በመጨረሻ ክሪኩን ቅመሱ፤ ስኳር አትጠይቁ። በባዶ ሆድ ግን እንዳትገቡ፤ ገበያው ውስጥ ትኩስ ነገር በልታችሁ ግቡ፣ ጉዝ ለባዶ ሆድ አይሆንም።