ሽርጥ መታጠቅም ትምህርት ነው

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በአንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ኪልት የለበሰ የስኮትላንድ ሰው ሥዕል አይተን፣ «ወንድ ሆኖ ቀሚስ ለብሷል» በማለት ከጓደኞቻችን ጋር ሥቀን ነበር። የሣቁበት ነገር ውሎ አድሮ በራስ ላይ መድረሱ አይቀርምና፣ እኛም በሞያሌ ከተማ በሽርጥ ምክንያት ተፈተንን።

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የተቀመጠች፣ ለሁለት የተከፈለች ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት የጋራውን የድንበር ኬላ መርቀው ከከፈቱ ወዲህ የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች ጎን ለጎን ይሠራሉ። እኛም በዚሁ ሥራ ወደ ኬንያ በኩል ስንመላለስ፣ ቦረናው፣ ገሪውና ሶማሌው ሽርጡን ታጥቆ በገበያም በመስጊድም በክብር ሲንቀሳቀስ እናያለን። ሶማሌዎች «መዓዊስ» ይሉታል፤ በቁምና በአግድም መስመሮች ካጌጠውም ጨርቅ ብዙው ከኢንዶኔዥያ በባሕር ተጭኖ የሚመጣ ነው።

በዚያው ወገን የሚኖር አንድ ወዳጃችን ልጁን ሲድር፣ ለሠርጉ እንድንለብሰው ገና ያልተሰፋ አዲስ ሽርጥ ላከልን። እኛም ሳናሳጥብ በችኮላ አሰፍተን፣ ወገባችንን በቀበቶ አሥረን ሄድን። ሽማግሌዎች ሲገቡ ለክብራቸው ከመቀመጫችን ብድግ ብንል፣ ሽርጡ ከቀበቶው ሥር አምልጦ ወረደ። ከአጠገባችን የነበሩ አንድ አዛውንት ፈጥነው በፊታችን ቆሙና የትከሻቸውን ልብስ ዘርግተው ጋረዱን። ማንም አልሣቀም። ያን ጊዜ በልጅነታችን የሣቅነውን ሣቅ አስታወስን፤ እጅግም አፈርን።

በማግሥቱ ልናመሰግናቸው ብንሄድ፣ አዛውንቱ ልብስ ሰፊ ሆነው አገኘናቸው። ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ጨርቁ ጥፋት የለበትም፤ አንተና እርሱ ሳትተዋወቁ ነው አደባባይ የወጣችሁት» አሉን። ቀጥለውም እንዲህ ሲሉ አስተማሩን።

አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ ሲወጣ ስታርች ስላለበት ይደርቃል፤ ይንሸራተታል፤ እጥፋትም አይቀበልም። ጥጥ ከሆነ ደግሞ ውኃ ሲነካው ያጥራል። ስለዚህ አስቀድሞ አጥቦ በጥላ ማድረቅ፣ ከዚያ በኋላ ማሰፋት ይገባል። ቁመቱ የሚለካው ባለቤቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከእምብርት በላይ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ለጥቅልሉም ትርፍ ይጨመርበታል። ሁለቱ ጫፎች ሲጋጠሙ መስመር ከመስመር ጋር መግጠም አለበት፤ ያለዚያ ሽርጡ የተጣመመ ይመስላል።

ሲታጠቁትም ከእግር አስገብቶ ወደ ላይ ከፍ ማድረግ፣ ከኋላ ገላን አስይዞ ትርፉን በፊት በኩል አንድ ሰፊ ሽንሽን አድርጎ ማጠፍ፣ ቅምቅማቱ ዙሪያውን እኩል መሆኑን አይቶ የላይኛውን ጠርዝ ወደ ውጭ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥብቆ መጠቅለል ነው። ከቤት ሳይወጡም ተቀምጦ፣ ተነሥቶ፣ ጥቂት ተራምዶ መሞከር ይገባል። «በሚገባ ያልታጠፈውን ቀበቶ አያድነውም» አሉን።

ይህን ስንሰማ ያ የመጽሐፍ ሥዕል ትዝ አለን። የስኮትላንድ ሰፊም ሰባት ስምንት ሜትር ያህል የሱፍ ጨርቅ ይዞ፣ የጨርቁ መስመሮች ሳይዛነፉ እንዲቀጥሉ እያሰላ ከኋላ ይሸነሽነዋል፤ ፊቱን ዝርግ አድርጎ፣ ቁመቱን በጉልበት መካከል ያቆመዋል። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1746 በወጣ ሕግ ያንን ልብስ ለወንዶች ከልክሎ ነበር፤ ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። በእኛ ዘንድ መሣቂያ የነበረው ልብስ፣ ለባለቤቶቹ ሠላሳ ስድስት ዓመት የተነፈጉት ክብር ኖሯል።

እንግዲህ የጎረቤቱን ልብስ የሚለብስ ሰው፣ አለባበሱንም ከጎረቤቱ ይማር እንላለን። ሳይማሩ መልበስ ስጦታውን ማቃለል ነው፤ ጠይቆ መማር ግን ባለቤቱን ያስደስታል እንጂ ጠያቂውን አያሳንስም።

ለሚቀጥለው ዒድ ያንኑ ሽርጥ አሳጥበንና እንደ ገና አሰፍተን፣ በታጠፈው ልክ ታጥቀን ወደ አዛውንቱ ቤት ሄድን። እርሳቸውም ከሰላምታ በፊት ዝቅ ብለው ቅምቅማቱን ዙሪያውን ተመለከቱና፣ «አሁን ተዋውቃችኋል፤ ግቡ» አሉን።