ድሪቶና ማቶት

በቋንቋችን ውስጥ እንደ «ድሪቶ» የሚያሸማቅቅ የልብስ ስም መኖሩን እጠራጠራለሁ። ድሪቶ ማለት በተቀደደ ቁጥር ቁራጭ እየተደረበበትና እየተጣፈ፣ በመጨረሻ የመጀመሪያው ጨርቅ የትኛው እንደ ነበር የማይለይ ልብስ ነው። የድህነት ምልክት በመሆኑ ለባሹ ይናቃል፤ በኩራዝ ብርሃን አጎንብሳ መጣፊያውን ያሳመረችው እናት ግን ባለሙያ ተብላ ስትመሰገን አልሰማንም።

በሰሜን አሜሪካ ይኸው ሥራ ሌላ ክብር አለው። ቁርጥራጭ ጨርቆችን ገጣጥሞ፣ ከሥራቸው ጥጥ አንጥፎ፣ ከጥጡም ሥር ገበር አድርጎ ሦስቱን ንብርብር በአንድነት የመስፋት ጥበብ «ክዊልት» ይባላል፤ ከአያት ለልጅ ልጅ ይወረሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1939–1945) የካናዳ ሴቶች እንዲህ ያሉ የአልጋ ልብሶችን እየሰፉ፣ በቦምብ ቤታቸው ለፈረሰባቸው የብሪታንያ ሰዎች በቀይ መስቀል አማካይነት ይልኩ ነበር። ሰፊዋና ተቀባዩ አይተዋወቁም፤ በመካከላቸው የነበረው ስፌቱ ብቻ ነው።

እኔ በካልጋሪ የተማርሁት የዚህን ጥበብ ትንሹን ዘር ነው፦ አንድ ኩባያና አንድ ቁራሽ ዳቦ ብቻ የሚያስቀምጥ፣ 15 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጠረጴዛ ምንጣፍ። በዚህ ከተማ ከሮኪ ተራሮች የሚወርደው ቺኑክ የተባለ ሞቃት ነፋስ አንዳንድ ጊዜ በክረምቱ መካከል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ብርዱ ይመለሳል። እንዲህ ባለ አገር ትኩስ ኩባያ በሁለት እጅ የሚታቀፍ ወዳጅ ነው፤ መቀመጫውም ሊታሰብለት ይገባል። ምንጣፉን መጀመሪያ ሳይ አዲስ ስም አላስፈለገኝም። እናቶቻችን ለጀበና ከሣር ወይም ከጨርቅ ጠቅልለው የሚያበጁት ማቶት ታናሽ እኅት ሆና ታየችኝ።

አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥጥ ጨርቅ ስለሚሰበሰብ አስቀድሞ ይታጠባል። በመካከል የሚገባውም እንደ ባዘቶ የተዘረጋ ጥጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰው ሠራሹ ሙቀትን እንደ ጥጥ አይችልምና። የፊቱና የገበሩ መልካም ገጽ እርስ በርሱ ተጋጥሞ፣ ጥጡ ከውጭ ተደርቦ፣ ዙሪያው ይሰፋል፤ ለመገልበጫ ግን አራት ጣት ያህል ክፍት ይተዋል። ማዕዘኖቹ ተከርክመው ከተገለበጠ በኋላ ክፍቱ በእጅ መርፌ ይዘጋል። በመጨረሻ ንብርብሮቹ እንዳይንሸራተቱ ከዳር እስከ ዳር በቀጭን መሥመር ይሰፋሉ። እኔ ለፊቱ የምጠቀመው ያረጀ ሸሚዝና የነተበ ነጠላ ጥበብ ነው።

በስደት ያለን ተማሪዎች ጉልበታችንን በሰዓት ቆጥረን እንሸጣለን፤ ከተሸጠው ሰዓት ውስጥ የእኛ ሆኖ የሚቀር እምብዛም ነው። ለምርቃት ወይም ለገና አንድ ማቶት ሰፍቼ ስሰጥ ግን የሦስት ሰዓት ሥራዬ ገበያ ሳይደርስ በቀጥታ ከሰው እጅ ይገባል። ወንድ ልጅ መርፌ ያዘ ብሎ የሚስቅ ቢኖር፣ በአገራችን በረንዳ ላይ መኪናውን የሚያሽከረክረው ልብስ ሰፊም፣ ከጉድጓዱ የማይነሣው ሸማኔም ወንዶች መሆናቸውን ያስታውስ። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. ዐውጀው ነበር። ስድቡ ግን ከእኛ ከተማርነውም አፍ ገና ጨርሶ አልወጣም።

ይሁን እንጂ ነገሩን በምስጋና ብቻ እንዳልዘጋው ያደረጉኝ አንዲት እናት አሉ። ስጦታዬን ተቀብለው፣ አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ እኛ እኮ ከድሪቶ ሸሽተን ነው የመጣነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሌላ የሚለብሰው የሌለው ሰው የሚጥፈውና ቁምሣጥኑ ሞልቶ ሳለ ሌላው ለደስታው የሚገጣጥመው ስፌቱ አንድ ቢሆንም ዕጣው አንድ አይደለም። ድሪቶን ማወደስ ድህነትን ወደ ማወደስ ከዞረ፣ በብርድ ያደረውን ሰው መቀለጃ ማድረግ ይሆናል።

ስለዚህ ክብሩን ለጨርቁ ሳይሆን ለእጁ መስጠትን መረጥሁ። ከጉድለት ውስጥ ሙቀት ያወጣች እጅ፣ ጉድለቱ ቢነሣላት ምን ልትሠራ እንደምትችል አስቡት! የምንመኝላት አገር መጣፍ የተረሳባት አይደለችም፤ ማንም ተገዶ የማይጥፍባት፣ ቁራጭ ከቁራጭ የሚጋጠመው ለፍቅር ብቻ የሚሆንባት ናት።

እኒያ እናት ምንጣፏን አልመለሷትም። ስሰናበታቸው፣ «ይቺ ለስኒዬ ትሁን፤ ለጀበናዬ ደግሞ ክብ አድርገህ፣ ወፈር አድርገህ ስፋልኝ» ብለው አዝዘውኛል። ጥጡን ገዝቻለሁ።