በአራት ዶላር ያመለጠ ሜዳ

ከናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በስተደቡብ ያለው የኪተንገላ ሜዳ ሲነሳ ውስጤ ይንገበገባል። ሜዳው በአጥርና በቤት መያዙ ያሳዝናል፤ በምን ያህል ርካሽ ዋጋ ሊተርፍ ይችል እንደነበር ሲታሰብ ግን ያቃጥላል።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲከለል ስፋቱ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። በከተማው ወገን ታጥሯል፤ በደቡብ ግን ከምባጋቲ ወንዝ ማዶ ወደ ማሳዮች ግጦሽ ክፍት ነው። ዝናብ ሲጥል ዊልደቢስቱና የሜዳ አህያው ወንዙን ተሻግሮ ሜዳው ላይ ይበተናል፤ በበጋ ውሃ ፍለጋ ይመለሳል። መተላለፊያው ከተዘጋ ፓርኩ ሰፋ ያለ በረት ነው።

የማሳዮቹ የጋራ ይዞታ በ1980ዎቹ ለየቤተሰቡ ተከፋፈለ። በ1990 አቲ ሪቨር ላይ የኤክስፖርት ማምረቻ ቀጠና ተቋቋመ። ሠራተኛ መጣ፣ ቤት ፈላጊ መጣ፣ ደላላም ተከተለ።

ነዋሪው እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። በ2000 የኪራይ ውል ተጀመረ፦ ባለመሬቱ ላያጥር፣ ላይሸነሽን፣ ላይሸጥ፣ አውሬውንም ላይነካ ይፈርማል፤ ለአንድ ኤከር በዓመት አራት ዶላር ይከፈለዋል። ክፍያው በዓመት ሦስት ጊዜ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ በሚደርስበት ሰሞን ነበር። ድርቅ ከብቱን ሲፈጅበት እንኳ ልጁ ከትምህርት ገበታ አትቀርም ማለት ነው። ለመፈረም ወረፋ የሚጠብቀው ቤተሰብ ከገንዘቡ በለጠ። ደግሞም የአካባቢው ሰዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው፣ ጂፒኤስ በእጃቸው ይዘው፣ በእያንዳንዱ አጥር ዙሪያ እየተጓዙ ካርታ አነሱ። የቱ ጋ መንጋው እንደሚታገድ፣ የቱ ጋ ገና እንደሚያልፍ በወረቀት ላይ ታየ። ከዚያ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ወጣ። ከባለመሬት የሚጠበቀው ሁሉ ተሟልቶ ነበር።

እስቲ እናስላው። መቶ ሺህ ኤከር ክፍት ሆኖ እንዲቆይ በዓመት 400,000 ዶላር ይበቃ ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት አንድ የውጭ ጎብኚ ለአንድ ቀን መግቢያ 43 ዶላር ይከፍል ነበር፤ ይህ ብቻውን አሥር ኤከር ለዓመት ያከራያል። አንበሳውን እያሳየ የሚያተርፈው ሁሉ ከትርፉ ቆንጥሮ ቋሚ በጀት ቢያደርገው ኖሮ! የኪራዩ ገንዘብ ግን በለጋሽ እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ለጋሽ ሲመጣ ይከፈላል፣ ሲሄድ ይዘገያል። ደላላው ግን አንድም ቀን አልዘገየም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው።

መጨረሻው ይታወቃል። በ1978 ወደ 30,000 ይጠጋ የነበረው የዊልደቢስት መንጋ በ2011 ከ5,000 በታች ወረደ። በ2012 ኪተንገላ ውስጥ በረት የገቡ ስድስት አንበሶች ተገደሉ። ፍየሎቹ ያለቁበትን አርብቶ አደር ለመውቀስ አንደበት የለኝም፤ አውሬውን እየመገበ የኖረው እሱ፣ ትርፉን የሚሰበስበው ሌላ ነበር። የባቡር ሐዲድ በፓርኩ መሐል በድልድይ እንዲያልፍ ሲወሰን ደግሞ ሰልፍ ተወጣ፣ ክስ ተመሠረተ። ተገቢ ጩኸት ነው፤ ግን የዚያ ጩኸት ሩቡ ለኪራዩ ገንዘብ በጊዜው ተጩኾ ቢሆን! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሐዲድና አውራ ጎዳና የአዋሽን ፓርክ አቋርጠው ሲያልፉ ላየን ለእኛ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ባለመሬቱ እሺ ባለበት ቀን ያልከፈለ፣ ኋላ በእጥፍም ቢመጣ የሚሸጥለት አያገኝም። የኪተንገላ መሬት ዛሬ 50 ጫማ በ100 ጫማ እየተሸነሸነ ነው የሚቸበቸበው። አራት ዶላር የሚል ባለመሬት የለም፤ ቢኖርም እንኳ የእሱን ግጦሽ ከፓርኩ የሚያገናኘው መንገድ የሌሎች ግቢ ሆኗል።