የአገር ቤት ማዕድ በካርቱም

ሰው ከአገሩ ወጥቶ ትልቅ ከተማ በገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ማደሪያ ነው፤ ማደሪያው ከተገኘ በኋላ ግን ብዙም ሳይቆይ «የአገራችን ምግብ የት ይገኛል?» ማለቱ አይቀርም። ከ2007 እስከ 2015 ዓ.ም. በካርቱም በኖርሁበት ጊዜ ይህን ጥያቄ ከሾፌርም፣ ከነጋዴም፣ ከቀን ሠራተኛም አፍ ሰምቼዋለሁ። በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጓዳ እሠራ ስለነበረም መልሱን ከምጣዱ ዳር ሆኜ ለማወቅ ዕድል አግኝቻለሁ። ዛሬ የወታደር ባለቤት ሆኜ በቆላ ጦር ሰፈር እኖራለሁ። እንደ እኔ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የምትዘዋወሩ እኅቶቼ ከነገሩ የምትጠቀሙበት አይጠፋም ብዬ ስላመንሁ ያየሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ካርቱም ከጣና የሚወጣው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት የአገራችን ሰው ከሚበዛባቸው ሰፈሮች መካከል ዴም፣ ጀሪፍና ሰሓፋ ይገኙ ነበር። በተለይ ዴም የገባ ሰው አድራሻ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር፤ የሚቆላው ቡናና የሚቁላላው ሽንኩርት ሽታ መንገዱን ያሳዩታል። አንዳንዱ ቤት በዐረብኛና በአማርኛ የተጻፈ ሰሌዳ ነበረው። ሌላው ደግሞ ምንም ምልክት የሌለው፣ ከግቢው በር በስተጀርባ ጥቂት ወንበሮች የተደረደሩበት መኖሪያ ቤት ነበር። ደንበኛ የሚበዛውም ሁልጊዜ አዳራሹ ባማረው ቤት አልነበረም፤ «ዛሬ የጋገረችው ማን ናት?» እየተባለ በሚበላበት ቤት ነበር እንጂ።

ዋናው ችግር እንጀራው ነበር። ጤፍ ከአገር ቤት የሚመጣ በመሆኑ ዋጋው ውድ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከነጭራሹ ይጠፋል። ስለዚህ ብዙዎቹ ቤቶች ሱዳኖች ፈተሪታ ከሚሉት ማሽላ ጋር እየደባለቁ ይጋግሩ ነበር። በዚህ ላይ ሙቀቱ አለ። በግንቦት ወር የካርቱም ሙቀት ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ በደጋ ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈልገው ሊጥ እዚያ ማታ ተቦክቶ ጠዋት ኩፍ ብሎ ይገኛል፤ ጥቂት ከዘገዩበትም ይሆመጥጣል። እትዬ እያልን የምንጠራቸው የቤቱ እመቤት እርሾውን ቀንሰው፣ ሊጡን ፀሐይ ሳይነካው በቀዘቀዘ ውኃ አቡክተው፣ ላዩ ላይ የቀረረውን ውኃ ደፍተው በአዲስ ይተኩት ነበር። ከዚያም ከሊጡ ጥቂት ወስደው አብሲት አፍልተው ይመልሱበታል፤ ያለ አብሲት የተጋገረ የማሽላ እንጀራ ሲያድር ይደርቃል፣ ሲቆርሱትም ይሰባበራልና። ይህ ዘዴ ዛሬ በእኔ ማጀት እንደዚያው ይሠራል።

የሱዳን ሴቶችም ማሽላ ማቡካትን ከማንም አልተማሩም። የእነርሱ ኪስራ ከቦካ የማሽላ ሊጥ በጋለ ምጣድ ላይ በስሱ ተስቦ የሚጋገር፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። አንዲት ሱዳናዊት ጎረቤታችን ወደ ጓዳችን ገብታ እንጀራውን ገልጣ ካየች በኋላ «ይህችማ የኪስራ ታላቅ እኅት ናት» ብላ ስቃለች። ቀይ ወጣችንንም በትግርኛ ስሙ «ዝግኒ» እያሉ አጥብቀው ይወዱታል፤ ሐሙስ ማታ ከእኛ ቤት ወንበር ከሚጠብቁት አብዛኞቹ እነርሱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው ሕግ የአልኮል መጠጥ ተከልክሎ ስለነበር በገበታው ላይ ጠጅም ጠላም አይታይም ነበር። በዚያ ፈንታ ከርከዴ ይቀርባል፤ ከምግብ በኋላም ቡና አለ። ሱዳኖች ቡናውን ራሱን «ጀበና» ይሉታል፤ ዝንጅብልም ይጨምሩበታል።

እንግዳ ለሆነ ሰው ግን ከምግብ ቤቶቹ ሁሉ የሚበልጠው ማዕድ መንገድ ዳር የሚገኘው ነበር። ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ሠራተኞች ለቁርስ ይሰበሰባሉ። ሌሊቱን ሲበስል ያደረው ፉል ተደፍጥጦ፣ የሰሊጥ ዘይት ፈስሶበት፣ በአንድ ሳህን ዙሪያ በእጅ ይበላል። በዚያ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ «ተፈደል» ይባላል፤ የእኛ «እንብላ» ማለት ነው። በረመዳን ደግሞ ከቤታቸው ደጃፍ ምንጣፍ ዘርግተው መንገደኛውን እያስቆሙ ያስፈጥራሉ። በእጃችን ገንዘብ ባልነበረበት ጊዜ ከዚህ ማዕድ የቀመስን ሐበሾች ቁጥራችን ብዙ ነው።

ከምጣዱ ኋላ የነበሩትን ሴቶች ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ ነገሩ ጎደሎ ይሆናል። አንዷ የልጆቿን የትምህርት ቤት ወጪ ትልካለች፣ ሁለተኛዋ የእናቷን መድኃኒት ትገዛለች፣ ሦስተኛዋ በጎንደር የጀመረችውን ቤት ጣሪያ ታስከድናለች። በጓዳ ሥራ ያላገኙት በዛፍ ጥላ ሥር ሻይና ቡና እየሸጡ ያድሩ ነበር፤ አንዳንድ ቀንም ስኒያቸውና በርጩማቸው ተጭኖ ይወሰድባቸዋል። በማግስቱ ስኒ ተበድረው ይመለሳሉ። በካርቱም የአገር ቤት ምግብ ተገኘ የሚባለው በእነዚህ ሴቶች ትከሻ ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ለእኛ ቀዳም ሥዑር፣ ለሱዳኖቹ የረመዳን ጾም ነው። ከሌሊት ጀምሮ ስንቁላላ የነበረው የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ገና ሳይበስል፣ በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ተኩስ ተከፈተ። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ከየቤቱ የሸሹ ሰዎች ወደ ግቢያችን ገቡ። ምድጃው ይጥፋ ያልነው ብዙዎች ነበርን። እትዬ ግን «ሰው እየመጣ እሳት አይጠፋም» ብለው ወጡን ጨረሱት። ማምሻውን ጎረቤቶቻችን ለማፍጠሪያ ካዘጋጁት ተምርና ውኃ በአጥር ላይ አቀበሉን፤ እኛም እንጀራና የምስር ወጥ አሻገርንላቸው። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ በጨለማ ቤት ውስጥ፣ ከመስኮት ርቀን ወለል ላይ ተቀምጠን ገደፍን። ለቤቱ ሰው የተሠራው ዶሮ ለሠላሳ ያህል ሰው ተዳረሰ፤ ለአብዛኛው የደረሰው መረቁ ብቻ ነበር። በሕይወቴ ከበላኋቸው የፋሲካ ማዕዶች ሁሉ ያንን የሚስተካከል አላገኘሁም።

ከቀናት በኋላ በገዳሪፍ በኩል ወደ ገላባት፣ ከዚያም ወደ መተማ ተሻገርሁ። እትዬ ከወር በኋላ በዚያው መንገድ ገብተው ዛሬ በጎንደር እንጀራ እየጋገሩ ይኖራሉ። ከባልደረቦቼ አንዷ ጁባ፣ አንዷ ካይሮ ናት። በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር የካርቱምን መሀል መልሶ ይዟል፤ ያ እኔ የማውቀው ጓዳ ግን ሰዎቹ በየአገሩ ስለተበተኑ በአንድ ከተማ አይገኝም። ጁባ ያለችው ጓደኛዬ በስልክ እንዳጫወተችኝ እዚያም ማሽላ ከጤፍ እየደባለቀች ትጋግራለች፤ ደንበኞቿም የሚመጡት በእጇ ሙያ ነው።

እኅቶቼ፣ እኛም በየጦር ሰፈሩ ያለን ሰዎች ነን። ባሎቻችን ወደ ግዳጅ ሲሄዱና ሲመለሱ በየቤታችን የሚጠብቁት የሚያውቁትን ጣዕም ነው፤ አገሩ ግን ሁልጊዜ የምናውቀውን ዱቄትና የምናውቀውን አየር አይሰጠንም። ስለዚህ ከደጋ አዲስ የመጣች ጎረቤት እርሾ ልትበደር በራችሁን ስታንኳኳ እርሾውን ብቻ ሰጥታችሁ አትሸኟት፤ በዚያ ሰፈር ሊጥ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ ከየትኛው ማሽላ ጋር እንደሚስማማም ንገሯት። የመጀመሪያውን ምጣድም አብራችኋት አስፉ።